ርቀት ለኪው ካሜራና የጠጋኞቹ ታሪክ

ማናቸውም የእጅ ሥራ ሁለት ታሪክ አለው። አንደኛው የሠሪው ታሪክ ነው፤ እርሱ በመጽሐፍ ይጻፋል። ሁለተኛው የጠጋኙ ታሪክ ነው፤ እርሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። ሰዓት የሠራው ሰው ስሙ በሰዓቱ ፊት ላይ ተቀርጾ ይኖራል፤ ያንኑ ሰዓት ሃምሳ ዓመት ሙሉ እየፈታና እየገጠመ በሕይወት ያኖረውን ሰው ግን ስሙን የሚያውቅለት የለም። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት ያሰብነው፣ ቢያንስ በአንድ መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ሠሪውና ጠጋኙ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች መሆናቸውን ነው። መሣሪያውም ርቀት መለኪያ ያለው የፊልም ካሜራ ነው። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሰው አንድ ነገር ምን ያህል እንደሚርቀው የሚገምተው በሁለት ዓይኖቹ ነው። ዓይኖቹ ተራርቀው ስለ ተተከሉ አንዱ የሚያየው ምስል ሌላው ከሚያየው ጥቂት ይለያል፤ አእምሮም ከዚህ ልዩነት ርቀትን ያሰላል። የርቀት መለኪያው ብልሃት ከዚህ ጋራ አንድ ነው። በካሜራው ግንባር ላይ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ተራርቀው ይገኛሉ። በአንደኛው የገባው ብርሃን በቀጥታ ወደ ዓይን ይመጣል፤ በሁለተኛው የገባው ግን ተመልሶ፣ ከብርሃን ግማሹን በሚያሳልፍና ግማሹን በሚመልስ ስስ መስተዋት ላይ ከፊተኛው ጋራ ይገናኛል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው አንዱን ነገር ሁለት ሆኖ ያየዋል። ሌንሱን ሲያዞር አንደኛው ምስል ወደ ሌላው እየተጠጋ ይሄዳል፤ ሁለቱ አንድ በሆኑ ጊዜ ሌንሱ በትክክለኛው ርቀት ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ይህ ብልሃት ለካሜራ ከመዋሉ አስቀድሞ ለመድፍ ያገለግል ነበር። ባርና ስትራውድ የተባሉት ሁለት መምህራን በ1888 በእንግሊዝ አገር የጀመሩት ሥራ የርቀት መለኪያን በጦር መርከቦች ላይ እስከ ማስተከል ደረሰ። በ1916 ደግሞ የአሜሪካው ኮዳክ የርቀት መለኪያን ከሌንስ ጋራ ያያያዘ ካሜራ አወጣ፤ ነገር ግን ካሜራው ትልቅና የሚታጠፍ ስለ ነበር በኪስ የሚያዝ አልነበረም።

ለኪስ የሚሆነውን የሠራው ኦስካር ባርናክ የተባለ ጀርመናዊ መካኒክ ነው። ባርናክ በ1911 ቬትዝላር በተባለችው ከተማ፣ ማይክሮስኮፕ በሚሠራው በኤርንስት ላይትዝ ፋብሪካ ተቀጠረ። ይህ ሰው ፎቶግራፍ ይወድ ነበር፤ የአስም ሕመም ስለ ነበረበት ግን በዚያ ዘመን የነበረውን ከባድ ካሜራና የመስተዋት ሰሌዳ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ይቸግረው ነበር። ስለዚህ ለሲኒማ የሚሠራውን 35 ሚሊሜትር ፊልም ወስዶ፣ የምስሉን ስፋት ዕጥፍ በማድረግ 24 በ36 ሚሊሜትር አደረገውና እስከ 1914 ድረስ የመጀመሪያዎቹን ትንንሽ ካሜራዎች ሠራ። ወዲያው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ነገሩ ለዓመታት ቆየ። በ1924 ፋብሪካውን የወረሰው ሁለተኛው ኤርንስት ላይትዝ፣ ከአማካሪዎቹ መካከል ብዙዎቹ እየተጠራጠሩ፣ ካሜራው እንዲሠራ በራሱ ኃላፊነት ወሰነ። በ1925 በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ላይ የላይትዝ ካሜራ ማለት የሆነው «ላይካ» ለሕዝብ ታየ።

የመጀመሪያው ላይካ ከሌንሱ ጋራ የተያያዘ የርቀት መለኪያ አልነበረውም፤ ይህ የተጨመረለት በ1932 በሁለተኛው ዓይነት ላይ ነው። በዚያው ዓመት በድሬስደን ያለው የዛይስ ኢኮን ፋብሪካ «ኮንታክስ» የተባለውን ተወዳዳሪ አወጣ። የላይካው መዝጊያ ጎማ ከተቀባ ጨርቅ የተሠራ መጋረጃ ሲሆን፣ የኮንታክሱ መዝጊያ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ የብረት ርብራቦች የተያያዙበት ነበር። ሁለቱም እጅግ ያማሩ፣ ዋጋቸውም እጅግ የከበደ መሣሪያዎች ነበሩ። የጠጋኞቹም ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ከዋጋው ክብደት ነው።

በጃፓን አገር ጎሮ ዮሺዳ የተባለ ሰው ነበረ። ሥራው የሲኒማ መኪና ማደስና መጠገን ነበር። በጃፓን አንድ ላይካ የሚሸጠው በብዙ ወር ደመወዝ ስለ ነበር፣ ይህን ያህል የሚያስከፍለው ምሥጢር ምን ይሆን ብሎ አንዱን ላይካ ፈታው። ኋላ እንደ ተናገረው፣ በውስጡ ያገኘው ነሐስ፣ አሉሚንየም፣ ብረትና ጎማ ብቻ ነበር እንጂ አልማዝ አልነበረም። ርካሽ ከሆነ ቁስ ይህን የመሰለ ውድ ዕቃ መሠራቱ አናደደው፤ ንዴቱም ወደ ሥራ መራው። በ1933 ከዘመዱ ከሳቡሮ ኡቺዳ ጋራ በቶኪዮ ትንሽ የሥራ ቤት ከፈቱ፤ በ1934 «ክዋኖን» የተባለውን ካሜራ በማስታወቂያ አሳወቁ፤ ስሙም የተወሰደው ከቡድሃ ሃይማኖት የምሕረት አምላክ ነው። በ1936 የተሸጠው ካሜራ ስሙ «ካኖን» ሆነ፤ ሌንሱን የሠራለት ደግሞ ኋላ «ኒኮን» ተብሎ የታወቀው ፋብሪካ ነው። ዮሺዳ ራሱ ከሥራው ቀደም ብሎ ቢለይም፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ታላቅ ኩባንያ የተነሣው አንድ ጠጋኝ በካቻቢቴ ከከፈተው ካሜራ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይልቅ ልብን ይነካል። በዩክሬን በካርኮቭ ከተማ፣ ከጦርነትና ከረኀብ የተረፉ፣ ቤትና ዘመድ ያልነበራቸው ልጆች የሚያድጉበት ማኅበር በ1927 ተቋቁሞ ነበር፤ የበላይ ጠባቂውም አንቶን ማካሬንኮ የተባለው ስመ ጥር መምህር ነበር። ልጆቹ በመጀመሪያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሰርሰሪያ ሠሩ። ቀጥሎም ላይካን ክፍል በክፍል ፈትተው፣ እያንዳንዱን ብሎን ለክተው፣ አምሳያውን ማውጣት ጀመሩ፤ ከ1934 ጀምሮ «ፌድ» የተባለው ካሜራ በብዛት ይወጣ ነበር። ትናንት በጎዳና ይለምን የነበረ ልጅ ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ የሚለካ ዕቃ በእጁ ሠራ። ትምህርት ማለት ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ቢኖር፣ እኛ ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን የፈጠራ መብት ለአሸናፊዎቹ ስለ ተከፈተ የላይካ አምሳያዎች በየአገሩ በዙ። በ1947 ከጀርመን በተወሰደው የኮንታክስ መሣሪያ «ኪየቭ» የተባለው ካሜራ በኪየቭ ከተማ መውጣት ጀመረ፤ በ1948 በክራስኖጎርስክ «ዞርኪ» ተከተለ። ላይትዝም በ1954 ኤም 3 የተባለውን አውጥቶ ለዚህ ዓይነት ካሜራ የመጨረሻውን ውበት ሰጠው። ይሁን እንጂ በ1959 ኒኮን ኤፍ የተባለው፣ በራሱ በሌንሱ በኩል በመስተዋት የሚያሳየው ካሜራ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የርቀት ለኪው ዘመን ማዘቅዘቅ ጀመረ። ዛሬ አዲስ የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ሁሉ የሚኖሩት በጠጋኝ እጅ ነው።

እንግዲህ አንባቢያችን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የቀረ አሮጌ ፌድ ወይም ዞርኪ በሣጥን ውስጥ ቢያገኝ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ይመልከት፤ አይክፈት። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ መኖሩን ይመርምር። የኋላ ክዳኑ የሚከፈት እንደ ሆነ መጋረጃውን በጠንካራ ብርሃን ፊት ይያዝ፤ የጎማው ቅብ ተሰነጣጥቆ ከሆነ እንደ ከዋክብት ያሉ ነጠብጣቦች ይታዩታል። ቀርፋፋው ፍጥነት የሚንቀራፈፍ ወይም የሚቆም ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም፤ የጥንቱ ግራሶ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኖ ነው። እንዲህ ያለው ጥርስ በንጹሕ ቤንዚን ታጥቦ፣ በመርፌ ጫፍ የምትያዝ ዘይት ብቻ ተሰጥቶት ይነሣል።

ለጀማሪ የሚስማማው ሥራ ግን የርቀት መለኪያውን ማረም ነው። ሌንሱ እስከ መጨረሻው ርቀት ዞሮ፣ በሩቅ ያለ ምሰሶ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሲታይ ሁለቱ ምስሎች አንድ መሆን አለባቸው። ወደ ጎን ከተለያዩ፣ በፌድና በዞርኪ ከፊት ለፊት ያለችው መሸፈኛ ብሎን ተፈትታ፣ ከኋላዋ ያለችው ማረሚያ በጥቂት በጥቂቱ ትዞራለች። ከዚያ በፊት ግን ሌንሱ ራሱ እውነተኛ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ይኸውም ካሜራው የሚፈቅድ ሲሆን፣ መዝጊያው ተከፍቶ ሳለ በፊልሙ ስፍራ የደበዘዘ መስተዋት አድርጎ ምስሉ ጥርት ማለቱን በማየት ነው። አለዚያ ሐሰተኛ ሌንስን ከሐሰተኛ መለኪያ ጋራ ማስማማት ይሆናል። ግማሹን ብርሃን የሚመልሰውን መስተዋት ግን ማንም በጨርቅ አይጥረገው፤ ቅቡ እጅግ ስስ ስለ ሆነ ከአቧራው ጋራ አብሮ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ምስል ለዘላለም ይጠፋል።

አንዳንዶች ይህን ሥራ ለባለሙያ መተው ይሻላል ይላሉ። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። የመጋረጃውን ጨርቅ መለወጥና የሞላውን ኃይል መመጠን ብዙ ልምድ ይጠይቃል፤ በኮንታክስም የሐር ጥብጣቡን መተካት ትዕግሥተኛውን ሁሉ ይፈትናል። ስለዚህ መማሪያው ርካሹ ይሁን፤ ውድ የሆነውና የአባት መታሰቢያ የሆነው ካሜራ ለመጀመሪያ ልምምድ አይቅረብ። ዳሩ ግን ባለሙያውስ ከየት ይመጣል? አሮጌዎቹ ጠጋኞች ዕውቀታቸውን ይዘው ሲያልፉ፣ ከፋብሪካው የማይገኘውን ብሎን በሞረድ የሚያወጣ እጅ ከሌለ፣ ሚሊዮን ካሜራዎች የመደርደሪያ ጌጥ ሆነው ይቀራሉ። ዛሬ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ወረንጦና ትንሽ ካቻቢቴ ይዞ፣ የፈታውን በተራ እየደረደረና ሥዕሉን በደብተር እያነሣ የሚሠራው ሰው የነገው ባለሙያ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ከካሜራ ይሰፋል። ከውጭ የመጣ መሣሪያ ለገዛው ሕዝብ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ካልተከፈተ ምሥጢር ሆኖ ይኖራል፤ በተበላሸ ጊዜም ሌላ መግዛት እንጂ ሌላ መንገድ የለም። ከተከፈተ ግን መምህር ይሆናል። ዮሺዳ አልማዝ ፈልጎ ነሐስ አገኘ፤ የካርኮቭ ልጆች ቤት አጥተው ሙያ አገኙ። ሁለቱም የጀመሩት ሌላው የሠራውን በመፍታት ነው፤ ሁለቱም የጨረሱት የራሳቸውን በመግጠም ነው። መምህራን በየትምህርት ቤቱ ካለው የተበላሸ ዕቃ አንዱን መርጠው፣ ከመጣል ይልቅ በተማሪዎቻቸው ፊት ቢፈቱት፣ ከብዙ ምዕራፍ የበለጠ ያስተምራሉ ብለን እናምናለን።