ከነፋስ ስልክ እስከ ወገዳ፤ ሽቦ አልባ መስመርን በጽሑፍ ስለ ማዘዝ

በደቡብ ጎንደር የሚገኘው የስማዳ ወረዳ በሰሜን ከላይ ጋይንት፣ በሰሜን ምሥራቅ ከታች ጋይንት፣ በሰሜን ምዕራብ ከእስቴ ጋር ይዋሰናል፤ በደቡብ በኩል ዓባይና በሽሎ በጥልቅ ሸለቆ ያዋስኑታል። ዋና ከተማው ወገዳ ነው። ገደልና ተራራ በበዛበት በዚህ አገር ምሰሶ አቁሞ ሽቦ መዘርጋት ብዙ ድካምና ገንዘብ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ የሩቁ ወሬ የሚደርሰው ይበልጡን በአየር ነው። ስለዚህ የሽቦ አልባ መስመርን ታሪክ ከዚህ አገር አንጻር ለመመልከት ይህን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተናል። የምንመረምረውም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም መስመሩ ሲቋረጥ ከየት ላይ እንደ ተቋረጠ የሚያውቀው ማን ነው? የሚል ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ሽቦ ሲበጠስ ጉዳቱ በዓይን የሚታይ ነው፤ ሠራተኛው ምሰሶውን እየተከተለ ይሄድና የተቆረጠውን ያገኘዋል። በአየር የሚሄደው ግን ተከትለው የሚደርሱበት ነገር የለውም። በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው የነፋስ ስልክ ሠፈር ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ እንደሆነ ይነገራል፤ ስያሜውም ሕዝቡ ነገሩን በትክክል እንደ ተረዳው ያሳያል። (ከወገዳ በስተ ሰሜን የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ መባሏ ግን ከቴሌግራፍ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።)

የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ጥር 23 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያ ዘመን ሽቦ አልባውን የሚያዝዘው ቴሌግራፍ መቺው ብቻ ነበር፤ ላኪው መልእክቱን ጽፎ ይሰጠዋል፤ እርሱ በሞርስ ምልክት እየመታ ይልካል፤ መልስ ሲጠፋም ጥፋቱ ከመሣሪያው ይሁን ከአየሩ ወይም ከተቀባዩ የሚገምተው እርሱ ነው። የቀረው ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ከዚህም ሌላ አየሩ የጋራ መሆኑ በጦርነቱ ጊዜ ታየ። የጣሊያን ጦር የኢትዮጵያን የራዲዮ ቴሌግራም ይጠልፍ ስለ ነበር፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተደረገው ጥቃት እንደሚመጣ ጠላት አስቀድሞ ዐውቆ ጠበቀ። የአገራችን የሽቦ አልባ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ነገር ከጣቢያው ምረቃ ይልቅ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ይመስለናል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋመ። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ለሕዝብ አገልግሎት ዋለ። በውጭው ዓለም ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በደሴቶች የተራራቁ ኮምፒዩተሮችን በራዲዮ አገናኘ። ባሕሩ ለእነርሱ፣ ገደሉ ለእኛ፣ ችግሩ አንድ ነው። ዛሬ ዋይፋይ የምንለው ሥርዓት መመዘኛ በ1997 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በሊኑክስ ላይ ይህን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማኔጀር የተባለው ፕሮግራም ሥራ የተጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ለዚህ ፕሮግራም ሥዕልና ቁልፍ ሳያስፈልግ ትእዛዙን በጽሑፍ መስጠት ይቻላል። እንግዲህ የቴሌግራፍ መቺው ሥራ፣ ማለት መፈለግ፣ መጥራት፣ መልስ መስማትና ማቋረጥ፣ በኮምፒዩተሩ ፊት ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ተላለፈ ማለት ነው።

ይህን እኛ የተረዳነው ከመጽሐፍ አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን፣ አንድ ዘመዳችን ለሥራ ያመለከተበትን ማስረጃ እስከ ማግሥቱ መላክ ነበረበትና ወገዳ ውስጥ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት አብረን ሄድን። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር አሮጌ ነበር፤ ሥዕላዊው ገጽ ከተበላሸ ሰንብቶ ጥቁር ገጽና ነጭ ፊደል ብቻ ያሳያል። ጸሐፊው አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

«ተዘግቷል፤ ከላይ ነው። ነገ ተመለሱ፣ ልጆቼ» አሉን።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንሞክረው?»

«ሞክሩት፤ ግን ከላይ ሲዘጋ ማን ይከፍተዋል?»

በሰውየው መፍረድ አይገባም። በሰኔ 2011 እና በሰኔ 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለ ነበር፣ ሰው መስመር በጠፋ ቁጥር «ከላይ ነው» ብሎ መቀመጥን ለምዶ ነበር። እኛ ግን አር ኤፍ ኪል የተባለውን ትእዛዝ ጽፈን የራዲዮውን ሁኔታ ጠየቅን፤ የኮምፒዩተሩ ዋይፋይ በራሱ በኮምፒዩተሩ እንደ ታገደ መለሰልን። አንድ ሰው ሳያውቅ የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ቁልፍ ነክቶ ኖሯል። እገዳውን በአንድ ትእዛዝ አነሣን። ቀጥሎም ኔትወርክ ማኔጀር በአካባቢው ያሉትን መስመሮች እንዲዘረዝር አዘዝነው፤ ስማቸውን፣ የጉልበታቸውን መጠን ከ100 እየመዘነ፣ የተቆለፈውንም ካልተቆለፈው ለይቶ ደረደረ። የጽሕፈት ቤቱ መስመር ከሁሉ በላይ ነበር። ግቡልን አልነው፤ ገባ፤ አድራሻም ተሰጠው። በመጨረሻም ፒንግ በተባለው ትእዛዝ መጀመሪያ ጥግ ላይ የተቀመጠውን የዋይፋይ መሣሪያ፣ ከዚያ ሩቅ ያለ ኮምፒዩተር ጠራን፤ ሁለቱም መለሱ። ማስረጃው ከምሳ በፊት ተላከ። ሽማግሌው ግን የጠየቁን ስለ ማስረጃው ሳይሆን፣ «ስንት ቀን ነው በከንቱ የተቀመጥነው?» ብለው ነበር።

የዚህ አሠራር ጥቅም ደረጃ በደረጃ መጠየቁ ነው። ራዲዮው ተከፍቷልን? መስመሩ ይሰማልን? የይለፍ ቃሉን ተቀብሏልን? አድራሻ አግኝቷልን? ቅርቡ ይመልሳልን? ሩቁስ? መልስ የጠፋበት ደረጃ የጥፋቱ ቦታ ነው። ሥዕላዊው ገጽ ብዙውን ጊዜ አንድ የተሰረዘ ምልክት አሳይቶ ዝም ይላል።

ጉድለትም አለው፤ እኛም ያን ቀን አጥፍተናል። የይለፍ ቃሉን ከትእዛዙ ጋር በአንድ መስመር ጻፍነው። ኮምፒዩተሩ ግን የተጻፈለትን ትእዛዝ ሁሉ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ከእኛ በኋላ የተቀመጠ ማንም ሰው ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ቢጫን የጽሕፈት ቤቱን ምስጢር ያነበው ነበር። ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሉን ራሱ እንዲጠይቅ ማዘዝ እንደሚቻል የተማርነው ቆይተን ነው፤ እንዲያ ሲሆን ቃሉ በትእዛዙ መዝገብ ውስጥ አይገባም። የማይጨውን ታሪክ በትምህርት ቤት አጥንተን ፈተናውን ያለፍን ሰዎች ይህን ማድረጋችን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በዚያ ጊዜም እነዚያኑ ትእዛዞች በተራ ጻፍናቸው፤ ኮምፒዩተሩን ያገናኘነው ከስልካችን ዋይፋይ ጋር ነበር። ራዲዮው ተከፍቷል፤ መስመሩ ይሰማል፤ የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አግኝቷል፤ አድራሻ ተሰጥቷል፤ ስልኩ ለፒንግ ይመልሳል። ከስልኩ ወዲያ ያለው ግን አንድም መልስ አልሰጠም። የኮምፒዩተሩ ባለቤት ሊያዝዘው የሚችለው እስከዚያው ድረስ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ሽማግሌም በዚያ ሰሞን ባገኙን ጊዜ፣ «ዛሬስ ሞክራችኋል?» አሉን፤ መሞከራችንን ነገርናቸው፤ «እንግዲያስ የእውነት ከላይ ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።