ከድልድል ወደ ምርጫ፦ የኮሌጅ መግቢያ ታሪክ ከስድስት ኪሎ እስከ ገርጂ

በኢትዮጵያ ኮሌጅን በፖለቲካ አቋሙ ወይም በማኅበራዊ ጠባዩ መርጦ የመግባት ልማድ ሥር አልሰደደም። በእምነታቸው ይመረጡ የነበሩት በአብዛኛው እንደ ቅድስት ሥላሴና መካነ ኢየሱስ ያሉት የነገረ መለኮት ተቋማት ናቸው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት አመራሩ ለካናዳውያን ኢየሱሳውያን መነኮሳት ተሰጠ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግን የምንኩስና ልብስ እንዳይለብሱና ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ወስነውባቸው ነበር። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የሕንጻ ኮሌጁ በስዊድናውያን እጅ ተቋቋሙ። የየሀገሩ አሻራ ቢታይባቸውም ወጣቱ ወደነርሱ የሚሄደው ሙያውን ፈልጎ ነበር። አቋም የሚቀሰመው ግቢ ከገቡ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1953 ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት ደግፈው ሰልፍ ወጡ፤ በየካቲት 1957 ደግሞ «መሬት ለአራሹ» ብለው ጎዳናውን ሞሉት። ከጭሰኛም ከመኳንንትም ቤት የመጡ ወጣቶች አንድ መኝታ ቤት ተጋርተው መከራከራቸው ለዚህ እንቅስቃሴ ትልቅ ጉልበት ሆኖታል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህላዊ ጫና ነጻ እንዲሆን ደነገገ። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ሲበዙ ተማሪው የፍላጎቱን ቅደም ተከተል ይሞላል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል። ለቦሌ መድኃኔዓለም ልጅ ይህ ማለት ጅማ ወይም ጎንደር ሄዶ ከማያውቀው ወንድሙ ጋር መኖር ነበር፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ግቢዎች በብሔር የተነሣ ግጭት የተማሪዎችን ሕይወት ቀጠፈ። በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወላጅ የምደባ ዝርዝር ሲወጣ ከትምህርት ክፍሉ አስቀድሞ የሚያየው የከተማውን ስም ሆነ፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ልጅ በሰላም ይማርበታል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የወለደው ስጋት ነው፤ መልስ ሊያገኝ የሚገባውም ከመንግሥት ነበር።

ሌላው በር የግል ኮሌጅ ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ገርጂ የሚገኘው ዩኒቲ በ1980ዎቹ በአነስተኛ ትምህርት ቤትነት ተነሥቶ የዩኒቨርሲቲነት ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው የግል ተቋም ሆኗል። ክፍያውን የቻለ ቤተሰብ ልጁን ከቤቱ ሳያርቅ ያስተምራል። አብዛኞቹ የግል ኮሌጆች ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት በዕውቅና ፈቃዳቸውና በትምህርት ዘርፎቻቸው ነው፤ በአሜሪካ እንዳሉት የኩዌከርና የካቶሊክ ኮሌጆች በአንድ የእምነት ወይም የአስተሳሰብ ወገን ስም የቆሙ አይደሉም። የመምረጥ ዕድሉም ገንዘብ ላለው ብቻ መሆኑ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ የሚያደርግ ዐዋጅ ወጣ። የመጀመሪያው ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አመልካቾቹን ራሱ ፈትኖ መቀበል ጀምሯል፤ አብዛኞቹ ሌሎች ግን አሁንም የሚቀበሉት ሚኒስቴሩ የደለደላቸውን ነው።