ዘንዶውን የተጠራጠረው መነኩሴ

ቅድስት ማርጋሬት በእስር ቤት ሳለች ዘንዶ ሊውጣት መጣ፤ ብታማትብበት እልም ብሎ ጠፋ። ሌላም አተራረክ አለ፤ ዘንዶው ውጧት ኖሮ በሆዱ ውስጥ ስታማትብ ተሰንጥቆ፣ እሷ ምንም ሳትሆን ወጣች ይላል። ሁለቱንም ከጻፈ በኋላ፣ የኋለኛው መሠረት የሌለው ተራ ወሬ ተደርጎ እንደሚቆጠር እዚያው ያስጠነቀቀው ጣሊያናዊው መነኩሴ ያኮፖ ዳ ቫራዜ ነው። ማርጋሬት በእኛ ስንክሳር ሐምሌ 23 ቀን የምትታሰበው ቅድስት መሪና ናት።

ያኮፖ በ1260ዎቹ (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በላቲን ያሰናዳው የቅዱሳን ገድል ስብስብ በኋላ «የወርቅ ገድል» ተባለ። እሱ የነበረበት የዶሚኒካን ማኅበር መነኮሳት ከከተማ ከተማ በእግር እየዞሩ ይሰብኩ ነበር። የአንዳንዱ ቅዱስ ገድል ብቻውን አንድ ጥራዝ ይወጣዋል፤ ያን ሁሉ ማን ተሸክሞ ይዞራል? ስለዚህ ያኮፖ ገድሎቹን አሳጠረ፤ በበዓላት ቅደም ተከተልም አሰፈራቸው። ሰባኪው የነገውን በዓል ገልጦ ማታውኑ ይዘጋጃል። ዣን ደ ማዪና በርተሎሜዎስ ዘትሬንቶ ይህንኑ ቀድመው ሞክረውት ነበር፤ ያኮፖም ከእነሱ የሚፈልገውን ያህል ወስዷል። የዛሬ ሰው የጽሑፍ ስርቆት ይለው ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ግን የአሰባሳቢ ወግ ነው።

አንድ ሺህ ገደማ የላቲን ቅጂ እስከ ዛሬ ተርፏል። ብዙዎቹ ቃላቱ በምሕጻር የተጨናነቁባቸው፣ ጌጥ የሌላቸው የሥራ መጻሕፍት ናቸው። ሥዕል የሚገባበት ባለጸጋ ሲያስጽፈው ነው። ሠዓሊዎቹ ታዲያ የያኮፖን ማስጠንቀቂያ ከቁብ አልቆጠሩትም። ማርጋሬት እጆቿን ለጸሎት ገጥማ ከዘንዶው ጀርባ ብቅ ስትል፣ የቀሚሷ ጫፍ ገና ከአውሬው አፍ ተንጠልጥሎ ይታያል። ምጥ የጠናባት ሴትም ገድሏ የተጻፈበትን ብራና ሆዷ ላይ ታስደርግ ነበር። ከሆድ በደኅና የወጣች ቅድስት ለወላድ ካልደረሰች ለማን ልትደርስ ነው?

ያኮፖ በ1292 የጄኖቫ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ በ1298 አረፈ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የስፔኑ ምሁር ሁዋን ሉዊስ ቪቬስ መጽሐፉን በስድብ አከል ትችት አብጠለጠለው፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ ያኮፖም የተገኘውን ተረት ሁሉ የሚያምን የዋህ ተደርጎ ተቆጠረ። ይህ ፍርድ ልክ አይመስለኝም። የአስቆሮቱ ይሁዳ አባቱን ገድሎ እናቱን አገባ የሚለውን ታሪክ ሲተርክም፣ መነገር አለመነገሩን ለአንባቢው ትቶ፣ ባይነገር እንደሚሻል ጽፏል። ጆቫኒ ፓኦሎ ማጆኒ ቅጂዎቹን አመሳክሮ በ1998 ባሳተመው እትም ደግሞ፣ ያኮፖ ወደ መጽሐፉ እየተመለሰ ያርመውና ይጨምርበት እንደነበር አሳይቷል።