ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን

ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን (በ1938 እ.ኤ.አ. ያረፉ) አቆልዲ ትባል የነበረችውን የዛሬዋን አሶሳንና አካባቢዋን ከዐፄ ምኒልክ ዘመን እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የገዙ ባላባት ናቸው። የተወለዱት ከዋታዊት ነው፤ ዋታዊት ከሱዳን የመጡ ዐረብ ነጋዴዎች ከበርታ ባላገሮች ጋር ተጋብተው የፈጠሩት ገዢ ወገን ነበር።

አገሩ የብዙዎችን ዓይን የሳበው በወርቁ ነው። የግብፁ መሐመድ አሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ሱዳንን ሲወር የፈለገው ወርቅና ባሪያ ነበር፤ ሁለቱም በዚህ ቆላ ይገኙ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ምኒልክ የላኩት የራስ መኰንን ጦር ሲዘምት ግዛቱን ሦስት ሼሆች ተካፍለውት ነበር፦ ሆጀሌ አቆልዲን፣ መሐመድ ወድ ማሕሙድ ሆሞሻን፣ አብዱራህማን ሆጀሌ ቤኒሻንጉልን። ከዘመቻው በኋላ ሦስቱም የምኒልክ ገባሮች ሆኑ። ሼህ ሆጀሌ አዲስ አበባ ታስረው ቢቆዩም ሲፈቱ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከሁሉም የበረቱ ሆኑ። ማዕከላዊው መንግሥት ወርቅ ይሻል፤ ሼሁ ይገብራሉ፤ በምላሹ በቆላው ላይ የሚያዙት እሳቸው ነበሩ።

በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል ቤኒሻንጉልን በኢትዮጵያ በኩል አስቀረ። ከሸርቆሌና ከኩርሙክ ባሻገር ያለው ሱዳን የእንግሊዞች ሆነ። ለሼሁ ይህ መስመር ገበያም ነበር። ባለቤታቸው ሲት አምና በሱዳን በኩል ተቀምጠው ከባለቤታቸው ግዛት የሚመጡ ባሪያዎችን ይሸጡ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገብታ ስለነበር ጉዳዩ ለአዲስ አበባም አሳፋሪ ሆነ። እንግሊዞች ሲት አምናን የያዟቸው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው።

ሼህ ሆጀሌ ሲነሱ የአስተዳደር ብልሃታቸው ጎልቶ ይወራል። ብልሃቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሥልጣናቸው ወጪ በበርታና በጎረቤቶቹ ገበሬዎች ጫንቃ ላይ መውደቁን የማያነሳ ታሪክ ጎደሎ ነው።

በአዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ከከተማዋ ጥንታዊ ሕንፃዎች አንዱ ሲሆን፣ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው።