የአብራሪው ዓይንና የመጠበቅ ሕግ

የብሪታንያ አየር ኃይል አብራሪ ለመሆን የሚመኝ የለንደን ወጣት መነጽሩን በሌዘር ሕክምና ለመገላገል ሲያስብ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ቀዶ ሕክምናውን መቼ ላድርግ? ጥያቄው የግል ይመስላል። ከጀርባው ግን ተቋማት አንድን የታከመ ዓይን ለማመን ጊዜን ለምን እንደሚጠይቁ የሚያስረዳ ከሰማንያ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ አለ።

ታሪኩ የሚጀምረው በራሱ በአብራሪ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1940 የሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪው ጎርደን ክሊቨር በአየር ውጊያ ተመታ፤ የመቀመጫው ፐርስፔክስ ሽፋን ተሰባብሮ ስብርባሪው ሁለቱንም ዓይኖቹን ወጋ። የለንደኑ የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ እንዲህ በቆሰሉ አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የቀረው ፐርስፔክስ የሰውነትን ቁጣ እንደማይቀሰቅስ አስተዋለ። በኖቬምበር 1949 በሴንት ቶማስ ሆስፒታል፣ የዓይን ሞራ ለነበረባት ታካሚ ከዚያው ዓይነት ቁስ የተሠራ ሌንስ ለመትከል የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና አደረገ። ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አጥብቀው ተቃወሙት። የሰርነት ማዕረግ ያገኘው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2000 ነው።

በሪድሊ ላይ የተነሣው ጥርጣሬ በኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ጥርጣሬ ሁሉ ግን ስሕተት አይደለም። በ1970ዎቹ የሶቪየቱ ሐኪም ስቪያቶስላቭ ፊዮዶሮቭ ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን ግልጽ የፊት ሽፋን፣ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን በመሰንጠቅ የርቀት እይታን የሚያስተካክል ዘዴ አስፋፋ። ዘዴው ምድር ላይ ይሠራል። በ1996 ግን ይህን ሕክምና ያደረገው አሜሪካዊ ሐኪም ቤክ ዌዘርስ ኤቨረስት ላይ ሲወጣ እይታው ከዳው። ኦክስጅን ሲሳሳ የተሰነጠቀው ኮርኒያ ቅርጹን ይለውጣል። ለአብራሪ ከዚህ የከፋ ዜና አይኖርም።

ሌዘር ሲመጣ ወታደራዊ ተቋማት የተጠነቀቁት ስለዚህ ነው። ፒአርኬ የተባለው ዘዴ የኮርኒያን ገጽ ይቀርጻል፤ ቁስሉ በቀናት ቢሽርም እይታው እስኪረጋ ወራት ሊወስድ ይችላል። ላሲክ ቶሎ ያሽራል፤ ነገር ግን ተገልጦ የሚመለሰው ስስ ሽፋን የቀድሞ ጥንካሬውን ሙሉ በሙሉ አያገኝም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1990ዎቹ ፒአርኬን በራሱ ባልደረቦች ላይ አጠና። የአገሪቱ አየር ኃይልም ላሲክ ያደረጉ የአብራሪነት አመልካቾችን በር ላይ መመለሱን ያቆመው በ2007 ነው። እገዳው የተነሣው በክርክር ብርታት ሳይሆን በተከማቸ ማስረጃ ነው።

ዛሬም የብሪታንያ ጦር የተወሰኑ የሌዘር ሕክምናዎችን በቅድመ ሁኔታ ይቀበላል፤ ከሕክምናው በኋላ በቂ ጊዜ ማለፉን፣ እይታው መርጋቱን፣ ከሕክምናው በፊት የነበረው የመነጽር ልኬትም ከገደብ አለማለፉን ይመረምራል። የመጨረሻው ቅድመ ሁኔታ ብዙዎችን ያስገርማል። ሌዘር የሚቀርጸው ኮርኒያን ብቻ ነው፤ ሩቅ የማያይ ዓይን ከልክ በላይ ረዝሞ ሬቲናውን መወጠሩ እንዳለ ይቀራል። የቀድሞው ቁጥር ከመነጽሩ ጋር አይጣልም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከቀዶ ሕክምናው ጥራት ያላነሰ ዋጋ አለው። ኤንኤችኤስ እንዲህ ያለውን ሕክምና በአብዛኛው ስለማይሸፍን ወጪው የቤተሰብ ነው፤ የግል ክሊኒክ ደግሞ የሚሸጠው ጥሩ እይታን እንጂ የአብራሪነት ብቁነትን አይደለም። የዓይን ልኬቱ ገና በየዓመቱ የሚለዋወጥ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ቢቸኩል፣ ገንዘቡን ከፍሎ ሕልሙንም ሊያጣ ይችላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ልዩነቱ ከኮርኒያ የተነሣ ነገር መልሶ የማይለቀም መሆኑ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው የጦሩ የምልመላ ክፍል ነው፤ ቀጥሎ የቀድሞው ልኬት በሰነድ ይያዛል፤ ሐኪሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።