አሮጌውን ኮምፒዩተር ያልረሱ ሰዎች



ሰሞኑን አንዱ የድሮ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ያወረድኩት ኮድ 'ሰልፍ' የሚባል ነገር ታይፒንግ ውስጥ አላገኘሁም ብሎ ይቆማል" ሲል ጻፈልኝ። (የዳቦ ሰልፍ አይደለም!) ማሽኑ ዊንዶውስ 7 ነው። እዚያ ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ "ሰልፍ" ደግሞ የመጣው በ3.11 ነው። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ ታሪኩን ግን ላጫውታችሁ።

ፓይተን ላይ አንድ ቫሪያብል ቁጥር ይሁን ጽሑፍ መናገር ግዴታ አይደለም። ፕሮግራሙ ሲተልቅ ግን ስህተት ፍለጋው አበሳ ነው። ስለዚህ የፓይተን ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም፣ ዩካ ሌህቶሳሎና ሉካሽ ላንጋ ፔፕ 484 የተባለውን ሰነድ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፓይተን 3.5 "ታይፒንግ" የሚባል ሞጁል ይዞ መጣ።

ከዚያ በኋላ በየቨርዥኑ አዲስ ነገር ይጨመር ጀመር። ሰው ሁሉ ግን በአንድ ቀን አያድስም እኮ! አዲሱን ብትጠቀሙ ባለ አሮጌው ይቀራል፤ ሁሉም እስኪያድስ ብትጠብቁ ዓመታት ያልፋሉ። በ2017 "ታይፒንግ ኤክስቴንሽንስ" የመጣው ለዚህ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የጠየቃችሁት ነገር ፓይተናችሁ ውስጥ ካለ ያንኑ ያቀብላችኋል፤ ከሌለ ራሱ የጻፈውን ይሰጣችኋል።

ለጠባቂዎቹ ግን ቀላል አይደለም። አንዱ ነገር በብዙ ቨርዥኖች ላይ እኩል መሥራት አለበት። እንደ ፓይዳንቲክ ያሉ ትልልቅ ላይብረሪዎች ስለተደገፉበት፣ እዚህ የተሠራች ትንሽ ስህተት ብዙ ቤት ታንኳኳለች። አዲስ የአጻጻፍ ሕግ፣ ለምሳሌ የ3.10ን "ማች"፣ ወደ ኋላ መውሰድም አይችሉም።

መቼ እንደሚያቆሙም መወሰን አለባቸው። ፓይተን 2 በ2020 መጀመሪያ ድጋፉ ሲያበቃ ወዲያው አልጣሉትም፤ የተዉት በ2021 መጨረሻ በ4.0 ነው። የ3.8 ድጋፍ በጥቅምት 2024 አበቃ፤ እነሱ ግን እስከ 4.13 ተሸክመውት በ2025 በ4.14 ተሰናበቱት። የድሮዎቹ እትሞች አልተሰረዙም፤ ፒፕ ለፓይተናችሁ የሚስማማውን ራሱ ይመርጣል።

ስለዚህ ልጄ፣ ላይብረሪውን በፒፕ ጫንና ኢምፖርቱ ላይ "ታይፒንግ" የሚለውን በ"ታይፒንግ ኤክስቴንሽንስ" ተካው። አሮጌ ማሽን ላይ እንደምትማር አስበው ለዓመታት የደከሙልህ የማታውቃቸው ሰዎች አሉ። አንተም ነገ ኮድ ስትጽፍ ከኋላህ ያለውን አስብ።