የጦርነት ዘመን ባልትና

ቁጠባና ንፍገት አንድ የሚመስላቸው ወጣቶች የእንግሊዝን የቤት እመቤቶች ታሪክ ቢያነቡ እወዳለሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ቅቤና ስኳር በመጠን ይታደል ጀመር፤ በዚያው ዓመት ሙዝ ወደ አገሩ እንዳይገባ ተከለከለ። በ1941 ልብስም በኩፖን ሆነ። በ1943 መንግሥት ያረጀውን ጠግኖ ስለ መልበስ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ብልሃቱ ግን ከመጽሐፉ በፊት በየቤቱ ነበረ። መካከሉ የሳሳውን አንሶላ በቁመቱ ቀደው፣ ጤነኛውን ዳርና ዳር አጋጥመው ይሰፉታል። አሮጌውን ካፖርት ሸንትረው፣ በጆንያ ላይ እየሰኩ ለወለሉ ምንጣፍ ይሠሩበታል።

እኔን ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሙዙ ነገር ነው። ፓርስኒፕ የሚባለውን፣ ካሮት የሚመስል ነጭ ሥር ቀቅለው ይደፈጥጡና ጥቂት ስኳርና የሙዝ ሽታ የሚሰጥ ቅመም ጨምረው ለልጆቻቸው በዳቦ ላይ ይቀቡላቸው ነበር። ለሆድማ ድንች ነበረ! እናቲቱ የደከመችው ልጇ ደስታው እንዳይቀርበት ብላ ነው። በ1945 መጨረሻ መርከብ እውነተኛውን ሙዝ ሲያመጣ፣ እንዴት እንደሚላጥ የማያውቁ ልጆች ተገኙ።